የሀገራችንን ወይን እንዴት እንግዛው፣ እንዴት እናስቀምጠው፣ እንዴት እንጠጣው (ብራንዲም አለበት)

እማዬ ቤት ሳሎን ውስጥ ያለው ብፌ ላይ ከእህቴ ምርቃት የተረፈ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ቆሞ ነበር፣ ከስኒዎቹና ከምርቃቱ ፎቶ መሀል፣ ብፌው ደግሞ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስለሆነ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ነው ሚያርፍበት። ሶስት ፋሲካ አለፈው። በአራተኛው ዶሮው ቀርቦ እማዬ "ያንን ወይን አውርደውና እንቅመሰው እስቲ" አለችኝ፣ ከፈትኩት፣ ቀለሙ ቀይ መሆኑ ቀርቶ የቆየ ሻይ መስሏል፣ አጎቴ አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን ገፋ አድርገው "የኛ ሀገር ወይን እኮ ድሮም አቼቶ ነው" አሉ። ወይኑ ግን ምንም አላጠፋም። ከየትም ሀገር ይምጣ፣ በምንም ብር ይገዛ፣ ሶስት አመት ፀሐይ ላይ የቆመ ወይን ከዛ አይሻልም።

ከዛ በኋላ እኔ ራሴ ሞከርኩት። ከአንድ ካርቶን ሁለት ጠርሙስ አወጣሁ፣ ያው ምርት ያው ቀን የተገዛ፣ አንዱን ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት (ስንቶቻችን ነን እዛ ምናስቀምጠው፣ ከፍሪጁ ጀርባ ሚወጣው ሙቀት ቀጥታ ወደዛ ነው ሚሄደው) ሌላኛውን ደግሞ አልጋ ስር በካርቶኑ አጋድሜ ተውኩት። ከአራት ወር በኋላ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቀድቼ ለሶስት ጓደኞቼ ሳልነግራቸው ሰጠኋቸው፣ ሶስቱም የተለያየ ወይን ነው አሉ፣ አንዱ እንደውም የፍሪጁን አናት "ይሄ የተበላሸ ነው አትጠጡት" አለ። እና ይሄን ሁሉ ምጽፈው ለዚህ ነው፣ እዚሁ ሀገር የተመረተ ወይን እየጠጣን "አይረባም" ምንለው ብዙውን ጊዜ በአያያዛችን ነው፣ አያያዙ ደግሞ ገንዘብ አይፈልግም፣ ማወቅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ ምን ምን እንዳለን እንወቅ

አሁን ገበያ ላይ በብዛት ምታገኙት ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው አዋሽ ወይን ነው፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ የአዲስ አበባ ፋብሪካ፣ የወይን እርሻው አርሲ መርቲ በኩል አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ነው። ጉደር ቀዩና ደረቁ (ጣፋጭ ያልሆነው ማለት ነው)፣ አክሱሚት ቀዩና ጣፋጩ፣ ከሚላና አዋሽ ክሪስታል ደግሞ ነጮቹ ናቸው፣ እነዚህን ስሞች ማያውቅ ሰርገኛ የለም። ፋብሪካው ለረጅም ጊዜ የመንግስት ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዙት መሀል ኤይት ማይልስ የሚባለው የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ቦብ ጌልዶፍ ነው፣ አዎ ያው በ77ቱ ረሃብ ጊዜ በሙዚቃ ገንዘብ ያሰባሰበው ሰውዬ።

ሁለተኛው ዝዋይ ነው፣ አሁን ባቱ እንላለን፣ ከአዲስ አበባ በሞጆ በመቂ አድርጋችሁ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፈረንሳዩ ካስቴል (የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የቢጂአይ እናት ድርጅት ነው) ከፈረንሳይ ችግኝ አምጥቶ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ገበያ ላይ አወጣ። ሪፍት ቫሊ የሚለው በዝርያው ስም ነው ሚሸጠው፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ነጩ ደግሞ ሻርዶኔ። አካሺያ የሚለው ቀለል ያለው ነው፣ ደረቅም መካከለኛ ጣፋጭም ሮዜም (ሮዝ ቀለም ያለውም) አለው። እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፣ ምክንያቱም ከሐይቁ ጉማሬ፣ ከሜዳው ደግሞ ጅብ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም የጣዕሙን ጉዳይ ይገልጻል። ወይን በፈረንጅ ሀገር ክረምት ሲመጣ በብርዱ ይተኛል፣ እኛ ጋ ዝዋይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ እንደዛ አይነት ብርድ የለም፣ ተክሉ በራሱ አይተኛም፣ ስለዚህ ገበሬው ነው በመግረዝና ውሃ በመቆጣጠር መቼ እንደሚያፈራ ሚወስንለት፣ ፍሬው በሐምሌ ዝናብ ላይ እንዳይበስልና ሻጋታ እንዳይበላው ማለት ነው። ቀኑ ሞቃት ነው ስኳሩ ይሞላል፣ ግን ቦታው ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አልፎ ስለሚገኝ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ያ ብርድ ነው ፍሬው ውስጥ ኮምጠጥ ያለውን ነገር ሚያቆይልን። የዝዋይ ወይን ሙሉ ሆኖ ግን ማይሰለቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ሲገዛ

እዚህ ጋ ነው ግማሹ ስራ ሚያልቀው። ግሮሰሪ ስትገቡ መጀመሪያ ዋጋውን ሳይሆን መደርደሪያውን እዩ። ፀሐይ ሚመታው መስኮት ጋ የተደረደረውን አትንኩ፣ በተለይ ነጩንና ሮዜውን፣ ጠርሙሱ ነጭ መስታወት ከሆነ ብርሃን ቶሎ ነው ሚያበላሸው። መብራቱ ስር የቆመውንም እንደዛው። ባለሱቁን "ጋሼ፣ ካርቶን ውስጥ ያለ አለዎት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባ አለ፣ ማንም ስለማይጠይቅ ነው እንጂ በደስታ ያወጣሉ።

ከዛ ጠርሙሱን እጃችሁ ላይ አድርጉና ሶስት ነገር እዩ። ወይኑ አንገቱ ጋ ድረስ ሞልቷል ወይስ ወደ ትከሻው ወርዷል? ከወረደ አየር ገብቶበታል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ከሸፈነው ላስቲክ ስር ገፍቶ ይታያል? እሱ ሙቀት የመታው ነው፣ ወይኑ ሲሞቅ ይስፋፋና ቡሹን ይገፋዋል። አንገቱ ጋ የደረቀ ሚያጣብቅ ነገር ካለም አፍስሷል ማለት ነው፣ መልሱት። አንዴ እኔ ለእንግዳ ብዬ አንድ ሰፈር ካለ ግሮሰሪ ስድስት ጠርሙስ ሳላይ ገዝቼ አራቱ ያፈሰሱ ሆነው አገኘኋቸው፣ ካርቶኖቹ ደጅ ፀሐይ ላይ ነበር የዋሉት፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ሳላገላብጥ አልገዛም።

ልጣፉ ላይ ደግሞ "ደረቅ"፣ "መካከለኛ ጣፋጭ"፣ "ጣፋጭ" የሚለውን ፈልጉ፣ ይሄ ከቀለሙ በላይ ነው ሚጠቅማችሁ። ብዙ ሰው ቀይ ሁሉ ጣፋጭ ይመስለውና ደረቁን ገዝቶ "መረረኝ" ይላል። ሳይመረው አይቀርም፣ አክሱሚት ለምዶ ካበርኔ ከከፈተ ድንጋጤ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ከመካከለኛ ጣፋጩ ጀምሩ፣ ምንም ሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ወደ ሜርሎ፣ ከዛ ወደ ሲራ። አመት ከተጻፈበት ደግሞ ነጭና ሮዜ ሲሆን አዲሱን ውሰዱ፣ "ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል" የሚለው ለጥቂት ወይኖች ብቻ ነው ሚሰራው፣ እለት በእለት ምንገዛው አብዛኛው በሁለት ሶስት አመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሰራ ነው።

ቤት ውስጥ

ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ማይነቃነቅ። በቃ። ብፌ ላይ አይሆንም፣ ፍሪጅ አናት አይሆንም፣ ከምድጃ አጠገብ አይሆንም። አልጋ ስር፣ ቁምሳጥን ታች፣ ሰሜን በኩል ያለ ክፍል ይሆናል። ቡሽ ያለው ከሆነ አጋድሙት፣ ቡሹ እርጥብ ሆኖ ካልቆየ ይደርቅና አየር ያስገባል፤ ክዳኑ ሚጠመዘዝ ከሆነ ቢቆምም ችግር የለውም። አዲስ አበባ ያላችሁ እድለኛ ናችሁ፣ ቤታችን አመቱን ሙሉ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ያላችሁ ግን ቤት ውስጥ ማከማቸቱን እርሱትና ለምትጠጡበት ሳምንት ብቻ እየገዛችሁ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት፣ ቀዩንም ጭምር።

ማቀዝቀዝ፣ ዋናው ነገር

ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል" የሚባለው ነገር የመጣው ማሞቂያ ያልነበራቸው የድሮ አውሮፓ ቤቶች ጋ ነው፣ የነሱ ክፍል 16፣ 17 ዲግሪ ነበር። የኛ አዳማ ሚያዝያ ላይ ያለ ሳሎን ከሰዓት 30 ቢሆን ያ ክፍል ሙቀት አይባልም። ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይመጣል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ የፍሬው ጣዕም ይጠፋል፣ ጣፋጩ ደግሞ እንደ ሽሮፕ ይሆናል። እና ሰው "ኃይለኛ ነው" ይላል፣ ኃይለኛ አይደለም ሞቆ ነው።

እኔ ምጠቀምበት እንዲህ ነው። ሻርዶኔና ሌሎች ደረቅ ነጮች ከ10 እስከ 12 ዲግሪ፣ ሮዜና ጣፋጭ ነጭ ከ8 እስከ 10፣ ሜርሎና ጉደር 15 አካባቢ፣ ሲራና ካበርኔ ከ16 እስከ 18፣ አክሱሚት ጣፋጭ ስለሆነ ቀዝቀዝ ይበል፣ 12 እንኳን ቢሆን ያምርበታል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ነጩን ከመጠጣታችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ፍሪጅ አስገቡ፣ ከመቅዳታችሁ 10 ደቂቃ በፊት አውጡ። ቀዩን ደግሞ አዲስ አበባ በክረምት ከሆነ ቤታችሁ ራሱ 16፣ 17 ነው እንዳለ ጠጡት፣ በበጋ ቀን ላይ ከሆነ ግን 25 ደቂቃ ፍሪጅ፣ ሀዋሳ ባህር ዳር ከሆናችሁ 40 ደቂቃ። ጠርሙሱን በእጃችሁ ስትይዙት ለቀዩ ቀዝቀዝ ያለ የጠዋት ብረት አይነት ስሜት ሊሰጣችሁ ይገባል፣ ለነጩ ደግሞ ውጪው ላብ ሲል ደርሷል።

እንግዳ በር ላይ ቆሞ ወይኑ ገና ሞቃት ከሆነስ? ባልዲ ውስጥ በረዶ፣ እስከ አንገቱ ውሃ፣ አንድ ጭብጥ ጨው። ውሃውን አትርሱ፣ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በየነጥቡ ነው ሚነካው፣ ውሃው ዙሪያውን ይይዘዋል፣ ጨው ደግሞ ከዜሮ በታች ያወርደዋል። 15፣ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ፍሪዘር ውስጥ ከታችሁ ግን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ፣ ወይን በረዶ ሲሆን ይሰፋል ጠርሙሱ ይፈነዳል። ብርጭቆው ውስጥ በረዶ መጨመር ግን ለደረቁ ወይን አልመክርም፣ ውሃ ሆኖ ነው ሚያልቀው።

ሲከፈት

የቡሽ መክፈቻ ግዙ፣ ያው ሁለት ክንፍ ያለው ወይም አስተናጋጆች ኪሳቸው ውስጥ ሚይዙት አይነት። ቡሹን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ መግፋት ወይኑን ሊያስፈስስባችሁ ነው፣ ጠርሙሱንም ሊሰብር ይችላል፣ እጁን የቆረጠ ሰው አውቃለሁ። መጀመሪያ ላስቲኩን ከጠርሙሱ አፍ ጎበጥ ካለው በታች ቆርጣችሁ አንሱ፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጥምዝምዙን ሽቦ መሀል ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ እስከ መጨረሻው ግን አይደለም፣ አንድ ጥምዝ ሲቀር አቁሙ አለዚያ ከስር በስቶ ፍርፋሪ ይጥላል። ከዛ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቡሹ ከተሰበረና ፍርፋሪ ከገባ አትደንግጡ፣ ንጹህ የሻይ ማጥለያ ላይ አጥልላችሁ ቅዱት። የቆየ ቀይ ከሆነ ታች አተላ ሊኖረው ይችላል፣ ከመክፈታችሁ ጥቂት ሰዓት በፊት አቁሙትና መጨረሻ ላይ ያለችውን ጣት ታህል ጠርሙሱ ውስጥ ተዉዋት።

ደረቅ ቀዩን፣ በተለይ ካበርኔውን፣ ወዲያው አትጠጡት። ጠርሙሱን ከፍቶ መተው ብቻውን ብዙ አይጠቅምም ምክንያቱም አንገቱ ጠባብ ነው አየር አይገባም፣ ጆግ ውስጥ ገልብጡትና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ያቺ ያልበሰለ ሙዝ አይነት ምላስ ሚያደርቅ ነገር (ታኒን ይሉታል) ለስለስ ትላለች።

ሲቀዳና ሲቀመስ

ብርጭቆ ባለ እግር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከሌለ ግን አንገቱ ሰብሰብ ያለ ማንኛውም ብርጭቆ ይሆናል፣ ዋናው ሽታው ነው። ብርጭቆውን አፍንጫችሁ ጋ አድርጋችሁ ባዶውን አሽትቱት፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተደፍቶ የቆየ ብርጭቆ የእንጨት ሽታ ይይዛል፣ ሽንኩርት በነካ ፎጣ የተወለወለ ደግሞ ወጥ ወጥ ይላል። በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ሲሶውን ብቻ ቅዱ፣ እስከ አፉ መሙላት ለጠጅ ብርሌ ያምራል፣ ወይን ግን ቦታ ይፈልጋል። አንድ 750 ሚሊ ጠርሙስ እንደዚህ ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል።

ደግሞ እባካችሁ እጣን አታጭሱ። ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ቡና ተፈልቶ እጣኑ እየተጨሰ ወይን ሲከፈት ስንት ቤት አይቻለሁ፣ እጣኑ ክፍሉን ከሞላው በኋላ ምንም አይነት ወይን ብትቀዱ ምታሸቱት እጣኑን ነው። ወይኑ ከምግብ ጋር ይቅደም፣ ቡናው ከነእጣኑ በኋላ ይምጣ።

ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሁለት ሶስቴ አዙሩት፣ አሽትቱ፣ ትንሽ ጎንጭ ብላችሁ አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት፣ ዋጡ፣ ከዛ ቆይታችሁ ምን እንደቀረ አዳምጡ። ሲራ ላይ ቁንዶ በርበሬ ፈልጉ፣ እውነቴን ነው ቁንዶ በርበሬውን ሽታ ሚሰጠው ነገር እዛ ወይን ውስጥም አለ። ሜርሎ ላይ ፕሪም፣ ካበርኔ ላይ አረንጓዴ ቃሪያ ብጤ፣ ሻርዶኔ ላይ ፖምና ሎሚ፣ አንዳንዴ አናናስ። ካላገኛችሁት ምንም አይደለም፣ ሌላ ነገር ከሸተታችሁም የናንተው ትክክል ነው። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ ምድር ቤት ከሸተተ ግን ቡሹ ነው ያበላሸው፣ አቼቶ ከሸተተ ኮምጥጧል፣ ተቆርጦ የዋለ ፖም ከሸተተና ቀለሙ ወደ ቡናማ ከሄደ አየር መቶታል። ኮምጣጣውን አትድፉት፣ ለሰላጣ ይሆናል።

ከኛ ምግብ ጋር

የውጪ ጽሁፎች "ቀይ ከስጋ፣ ነጭ ከአሳ" ይላሉ፣ እነሱ በርበሬን አልቆጠሩትም። አልኮልና ታኒን በርበሬን ያባብሱታል፣ 14 በመቶ ካበርኔ ከሚያቃጥል ዶሮ ወጥ ጋር ስትጠጡ አፋችሁ ውስጥ እሳት ላይ ጋዝ እንደመጨመር ነው። ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ወጥ፣ ለምስር የሚስማማው ቀዝቀዝ ያለ መካከለኛ ጣፋጭ ነው፣ አካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ ቀዩ ወይም ነጩ፣ ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርደዋል፣ በርበሬው ደግሞ ጣፋጭነቱን ይቀንሰዋል፣ ሁለቱ ይተካከላሉ። ለዚህ ነው እናቶቻችን ለበአል ጣፋጩን ሚመርጡት፣ ምላሳቸው አላሳሳታቸውም።

ጥብስ ላይ ነው ደረቁ ቀይ ሚነግሰው። የበግ ጥብስ በጥብስ ቅጠልና በቅቤ፣ አዋዜው ከጎን ሆኖ ቀስ ተብሎ ሚጠቀስ ከሆነ፣ ከሲራ ጋር። ስቡ ታኒኑን ያለሰልሰዋል፣ ታኒኑ ስቡን ከምላስ ላይ ይጠርገዋል፣ አንዱ ሌላውን ይጣራል። ክትፎ ለብ ለብ ከጉደር ወይም ከሜርሎ ጋር፣ ሚጥሚጣዋን ግን ቀለል አርጓት፣ አይቡ ደግሞ በጣም ያግዛል። ጥሬ ስጋ በሰናፍጭ ግን እኔ ከወይን ጋር አልወደድኩትም፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ላይ ሲወጣ ወይኑ ይጠፋል።

አሳ ላይ አንድ ነገር ልበል። የዝዋይ ሐይቅ አሳ ሙሉው ተጠብሶ፣ ቆዳው ኩርሽም ብሎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ እዛው ሐይቁ ዳር ካደገ ወይን የተሰራ ቀዝቃዛ ሻርዶኔ ከጎኑ። አሳውን በእጃችሁ ገንጠል አድርጋችሁ፣ ጣታችሁን ጠርጋችሁ ጎንጭ ስትሉ ሎሚው ከወይኑ ኮምጣጣነት ጋር ይገጥማል፣ የዘይቱ ቅባት ይጠረጋል፣ እንደገና ደግሞ አሳውን ያስመኛችኋል። እኔ እንዲህ ሚስማማ ምግብና መጠጥ ሀገራችን ውስጥ አላውቅም። በፆም አሳ ለምትበሉም ለማትበሉም ሽሮ አለ፣ ተጋቢኖ ከሮዜ ጋር ሞክሩት፣ አትክልት አልጫ ደግሞ ከነጭ ጋር።

እንጀራው ራሱ ኮምጠጥ ስላለ ደግሞ ወይኑ ሞልቶ ኮምጣጣነት ከሌለው ለዛ ቢስ ይሆናል፣ ለዛም ነው ነጭና ሮዜ ከእንጀራ ጋር ከጠበቅነው በላይ ሚሄዱት። አክሱሚትን ከምግብ በኋላ ለብቻው፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከድፎ ዳቦ ጋር። በነገራችን ላይ ቤተክርስቲያን ለቅዳሴ ምትጠቀመው ዘቢብ ተዘፍዝፎ ሚጨመቀውን ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ ሁለቱን ሚያምታታ ሰው ስላጋጠመኝ ነው።

ኮካና አምቦ

ወይን በኮካ ብዙ ሰው ይወዳል፣ እኔም ሰርግ ላይ ያደግኩት እያየሁት ነው፣ መብታችሁ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ መጀመሪያ ንጹሁን ሶስት ጎንጭ ቅመሱት፣ ከዛ ካስፈለጋችሁ ቀላቅሉ፣ ስትቀላቅሉም ሪፍት ቫሊን ሳይሆን ረከስ ያለውን ቀላቅሉ። ለሞቃት ቀን ምመክረው ግን ነጭ ወይን በአምቦ ውሃ ነው፣ ሁለቱም በደንብ ቀዝቅዘው፣ ሁለት እጅ ወይን አንድ እጅ አምቦ፣ ስስ የሎሚ ቁራጭ። ስኳር የለውም፣ አልኮሉም ይቀንሳል፣ ከሰዓት ደጅ ቁጭ ብሎ ለመጫወት ይሄን ሚያህል የለም።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት፣ ቀይም ይሁን ነጭ። ነጩ ሶስት ቀን፣ ቀዩ ሶስት አራት ቀን። ትንሽ የውሃ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ብትዘጉት አየር ስለማይኖር የበለጠ ይቆያል። ከሳምንት በኋላ ለጎላሽ ነው ሚሆነው።

ብራንዲ

ብራንዲ ማለት ወይን ተነጥሮ ሚወጣ ነው፣ አረቄ ከጌሾና ከእህል ጥንስስ እንደሚወጣ ሁሉ ይሄ ደግሞ ከወይን። አንድ ሊትር ለማግኘት ስምንት ዘጠኝ ሊትር ወይን ሊፈጅ ይችላል፣ ከዛ በርሜል ውስጥ ለአመታት ይቀመጣል፣ ወርቃማ ቀለሙ ከእንጨቱ ነው ሚመጣው። ኮኛክ የሚባለው ደግሞ ፈረንሳይ ኮኛክ የሚባለው አካባቢ የተሰራው ብቻ ነው፣ እኛ ግን ሁሉንም ኮኛክ እንለዋለን። ስለዚህ ልጣፉን አንብቡ፣ ከወይን የተነጠረ ነው ወይስ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ በወጣ አልኮል ላይ ቀለምና ጣዕም ተጨምሮበት? እዚህ በርካሽ ሚሸጠው ብዙው ሁለተኛው አይነት ነው፣ ለመቀላቀል ይሆናል፣ ግን ያንን ጠጥታችሁ "ብራንዲ አልወድም" እንዳትሉ።

ብራንዲን ማቀዝቀዝ አያስፈልግም። 30 ሚሊ ብቻ ቅዱ፣ ብርጭቆውን በመዳፋችሁ ያዙት፣ ሙቀታችሁ ሽታውን ያወጣዋል። አፍንጫችሁን ውስጥ አትክተቱ፣ 40 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ይቆነጥጣል፣ አገጫችሁ ጋ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አምጡት። ከጎን ውሃ ይኑር። ትንሽ ፉት፣ አፍ ውስጥ ጥቂት ቆየት፣ ዋጥ። ሁለተኛዋ ፉት ናት ትክክለኛዋ፣ የመጀመሪያዋ ምላስን ለማስለመድ ነው። ከቡና ጋር፣ በተለይ ስኳር ከሌለው ሁለተኛ ጋር፣ ጎን ለጎን (ሳይቀላቀል) በጣም ይስማማል። ከተከፈተ በኋላ አቁሙት እንጂ አታጋድሙት፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል፤ እንደ ወይን ቶሎ አይበላሽም፣ ወራት ይቆያል።

ልጣፍ የሌለው ወይም ማሸጊያው የተነካ ጠርሙስ ግን በፍጹም፣ ሜታኖል የተቀላቀለበት ሰው ያሳውራል፣ ይገድላልም። ከጠጣችሁ በኋላ እይታችሁ ከደበዘዘ ወይም ጭጋግ ጭጋግ ካለባችሁ "ስካር ነው ይለቀኛል" ብላችሁ አትተኙ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ፍላጂል ምትወስዱም መድሃኒቱን እስክትጨርሱና ከዛም ሶስት ቀን እስኪያልፍ ጠብቁ፣ እርጉዝ ለሆናችሁ ጨርሶ አይሆንም፣ መኪና ምትነዱም ቁልፉን ለሌላ ስጡ። ከ21 አመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ክልክል ነው፣ ታናናሾቻችሁን ለመግዛት አትላኩ።

ውጪ ላለ ዘመድ ሲላክ

ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ወይኑ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ በሚጫነው ሻንጣ ነው። በአየር መንገዶች ደንብ አልኮሉ ከ24 በመቶ በታች ከሆነ፣ ማለትም ወይን በሙሉ፣ ገደብ የለበትም፣ ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለው (ብራንዲና አረቄ) ለአንድ ሰው 5 ሊትር ነው፣ ከ70 በላይ አይጫንም። ሻንጣው ኪሎ ግን ይቆጥራል፣ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ከነመስታወቱ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው። አሜሪካ ሲገባ 21 አመት የሞላው ሰው አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ይዞ ይገባል፣ ማሳወቅ ግን ሁሉንም ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ቀረጥ ሊከፈልበት ይችላል። ሳውዲና ኩዌት ለምትሄዱ ግን አንድም ጠርሙስ፣ ስጦታም ቢሆን፣ እንዳትይዙ፣ እስር ያመጣል።

ሲታሸግ ጠርሙሱን መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ በደንብ ቋጥሩ፣ ከዛ በጋቢ ወይም በወፍራም ሹራብ ጠቅልሉ፣ ሻንጣው መሀል ላይ እንጂ ጠርዝ ላይ አታድርጉት፣ ከላይም ከታችም ልብስ ይኑረው። ከቅቤው ጣሳና ከበርበሬው ራቅ አድርጉት፣ ጣሳው ነው ብዙ ጊዜ ሚሰብረው። ሲደርስ ደግሞ ለዘመዳችሁ ንገሩት፣ በዛኑ ምሽት አይክፈተው፣ ጉዞ ወይንን ያናውጠዋል፣ አንድ ሳምንት ጨለማ ቦታ አጋድሞ ያሳርፈውና የሚጠጣበት ቀን ጠዋት ላይ ያቁመው።